የተመረመረ ይከሰሳል?

ሰንበቴ የእሑድ ከተማ ናት። ስሟ ራሱ ሰንበት ሰንበት ይላል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ መካከል የምትገኝ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ በእሑድ ገበያዋ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው፣ ግመሉን እየነዳ ከቆላ የሚመጣው አፋር ይገናኙባታል። በማግስቱ ሰኞ ተራው የባቲ ነው። ገበያ ሲባል ታዲያ ማሽላና ፍየል ብቻ አይምሰላችሁ፤ ወሬም ይገበያያል። በሳምንቱ መሃል ጤና ጣቢያ ውስጥ "የዚያ በሽታ" መድኃኒት ከሚሰጥበት ክፍል ስትወጣ የታየች ሴት፣ እሑድ ዘንቢሏን ይዛ ብቅ ስትል ወሬዋ ቀድሟት ይጠብቃታል። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ "እያወቀ ኤችአይቪ ያስተላለፈ ይታሰር" የሚለው ሐሳብ ምን ዓይነት ነገር ይዞ እንደሚመጣ ማሰብ ይገባል።

እስቲ አንድ ጉዳይ በምናባችን እንሥራ። የማንም ታሪክ አይደለም፤ ስምም አንሰጣትም። ግን በየትኛውም ወረዳ ሊሆን የሚችል ነው። አንዲት የ24 ዓመት ሴት አርግዛ ለክትትል ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። እንደማንኛዋም ነፍሰ ጡር የኤችአይቪ ምርመራ ይደረግላታል፤ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ይገኛል። መድኃኒቱንም ወዲያው ትጀምራለች። ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአገራችን ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ሌላ መስፈርት ሳይጠበቅ ዕድሜ ልኳን የምትወስደውን መድኃኒት እንድትጀምር ይደረጋል። ባልስ? ባል በጂቡቲ መስመር የተሳቢ መኪና ረዳት ነው እንበል። ተመርምሮ አያውቅም። እሷ ደግሞ ብትነግረው ዱላም ፍቺም እንዳለ ታውቃለች፣ ወደ እናቷ ቤት ልጅ ታቅፋ መመለስም አለ። ስምንት ወር ዝም ትላለች፤ ኪኒኗን ግን አንድም ቀን አታቋርጥም። ከዚያ ባል ሳል አልለቅ ይለውና ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። የሳንባ ነቀርሳ ይገኝበታል፤ ሲመረመርም ኤችአይቪ አለበት። "አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ!" ይላል። ካርዷ ይወጣል። ካርዱ ላይ ቀኑ ተጽፏል፤ ከእሱ ስምንት ወር ቀድማ ታውቅ ነበር።

ማን ለማን አስተላለፈ? የሚያውቅ የለም። ሳንባ ነቀርሳ እስኪያሲዘው ድረስ አቅሙ የተዳከመው እሱ መሆኑ እንዲያውም ነገሩ የቆየው በእሱ ዘንድ ሊሆን እንደሚችል ያስጠረጥራል። ማን ቀድሞ አወቀ? ይኼኛው ግን በቀለም ሰፍሯል። ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን ይውጠዋል።

አሁን ወደ ሕጉ እንሂድ። ሰው ሲያወራ "የኤችአይቪ ሕግ" እያለ ነው የሚያወራው። በወንጀል ሕጋችን ውስጥ ግን በስሙ ኤችአይቪን ጠርቶ ማስተላለፍን የሚቀጣ አንቀጽ የለም። ያለው አንቀጽ 514 ነው። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በዚህ አንቀጹ ተላላፊ የሆነ የሰው በሽታን ሆን ብሎ ያሰራጨ ወይም ያስተላለፈ ሰው እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ኮሌራም ይሁን ነቀርሳ፣ ኤችአይቪም ይሁን ሌላ፣ ሁሉም በዚሁ አንድ ጥላ ሥር ነው። አንቀጹ አዲስ ፈጠራም አይደለም፤ ተመሳሳዩ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ ነበር። ያኔ ኤችአይቪ የሚባል ስም በዓለም ላይ አልነበረም። እኛ አገር የቫይረሱ ምልክት በደም ናሙና ላይ የታየው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም. ነው።

የሚገርመኝ የቀኑ ነገር ነው። ይኼ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የተጀመረው ደግሞ በዚያው ዓመት ጥር ወር። በአራት ወር ልዩነት ሕጉም ኪኒኑም አብረው መጡ ማለት ነው። ግን አልተዋወቁም። ሕጉ የተጻፈው ኤችአይቪ ማለት ሞት በነበረበት፣ ዕድርተኛው ከቀብር ቀብር ሲመላለስ በሚውልበት ዘመን መንፈስ ነው። ኪኒኑ ያንን ዘመን ቀየረው፤ አንቀጹ ግን እስከ ዛሬ የኪኒኑን ወሬ አልሰማም። ኮንዶም የተጠቀመ፣ ለትዳር ጓደኛው የነገረ፣ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው እንዴት እንደሚታይ አንድም ቃል አይናገርም።

ፍርድ ቤት ሲገባ ምን ይሆናል? በሕጋችን አንድ ሰው ወንጀለኛ የሚባለው ሕጋዊው፣ ግዙፋዊውና ሞራላዊው ፍሬ ነገር ሦስቱም ተሟልተው ሲገኙ ነው፤ አንቀጽ 23 ይህንኑ ይላል። ሞራላዊው ማለት ሐሳቡ ነው። አንቀጽ 58 ደግሞ "ሆን ብሎ" የሚለውን ሁለት መልክ ይሰጠዋል። አንደኛው ውጤቱን ፈልጎና አቅዶ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ "ይምጣ፣ የመጣው ይምጣ" ብሎ መቀበል ነው። ችግሩ ያለው በዚህ በሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ሰው፣ ማለትም በቂም ወይም በክፋት ሰው ለመበከል የተነሳ፣ በየመንደሩ በወሬ ይበዛል እንጂ በእውን ብርቅ ነው። ሁለተኛው ግን ሰፊ በር አለው። "ቫይረሱ እንዳለባት ታውቃለች፤ ከባሏ ጋር ተኝታለች፤ ስለዚህ የመጣው ይምጣ ብላለች" ለማለት ለአንድ ቸኩሎ ለሚያስብ ዐቃቤ ሕግ ሁለት መስመር ይበቃዋል።

ቀጥሎ የምክንያትና የውጤት ጥያቄ አለ። አንቀጽ 514 የሚቀጣው ማስተላለፍን ነው። ስለዚህ ከእሷ ወደ እሱ መሄዱ መረጋገጥ አለበት። እንዴት? የደም ምርመራ "አለ" ወይም "የለም" ይላል እንጂ "ከማን መጣ" አይልም። በሠለጠነ ላቦራቶሪ የሁለት ሰዎች ቫይረስ ምን ያህል እንደሚቀራረብ ማወዳደር ይቻላል። ይህ ምርመራ ግን ዝምድና መኖሩን ሊያሳይ ቢችልም፣ ማን ለማን እንደሰጠ ወይም ሁለቱም ከሦስተኛ ሰው አግኝተው እንደሆነ ብቻውን አይናገርም። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ በብዛት ያለው ዓይነት "ሲ" የሚባለው ስለሆነ፣ "ሁለቱም አንድ ዓይነት አላቸው" ማለት ሁለቱም ደማቸው ቀይ ነው ከማለት ብዙም አይሻልም። እንግዲህ ለመርማሪው የሚቀረው ማስረጃ ምንድን ነው? የጤና ጣቢያ ካርድና የምርመራ ቀን ነው። ማለትም ማን ቀድሞ ተመረመረ የሚለው።

ቀድሞ የሚመረመረው ማን እንደሆነ ደግሞ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ሴቷ ናት፤ ምክንያቱም የምታረግዘው እሷ ናት። የጤና ሥርዓታችን ነፍሰ ጡሯን እጇን ይዞ ይመረምራል። ባሏን ግን "አብረህ ና" ብሎ ወረቀት ይልክለታል፤ እሱም ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ይረሳዋል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሰዎች ቫይረሱ ያለባቸው 0.9 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሴቶች 1.2 በመቶ፣ ከወንዶች 0.6 በመቶ ነበሩ። ሸክሙም ዕውቀቱም ወደ ሴቷ ያደላል። ማወቅን የሚቀጣ ሕግ በወረቀት ላይ ጾታ የለውም፤ መሬት ላይ ሲወርድ ግን መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው።

ስለ ኪኒኑ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ልብ እዚህ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2011 ቦትስዋናን፣ ኬንያንና ማላዊን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች አንደኛቸው ቫይረሱ ያለበት ከ1,700 በላይ ጥንዶች ላይ የተካሄደ ጥናት ውጤት ይፋ ሆነ። መድኃኒቱን በጊዜ መጀመር ወደ ትዳር ጓደኛ የመተላለፍን ዕድል በ96 በመቶ ቀነሰው። ከአምስት ዓመት በኋላ በአውሮፓ የተደረገ ሌላ ጥናት ወጣ። ያለባቸው ሰዎች መድኃኒት እየወሰዱ የቫይረሱ መጠን የተገታላቸው ጥንዶች ያለ ኮንዶም ወደ 58,000 ጊዜ የሚጠጋ ግንኙነት አድርገው፣ ከትዳር ጓደኛ ወደ ትዳር ጓደኛ የተላለፈው ቁጥር ዜሮ ሆኖ ተገኘ። ዜሮ! የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም ብሎ አስታወቀ።

እኛም ጋ ይኼ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በከተሞቻችን የተካሄደው ጥናት እንዳሳየው፣ ቫይረሱ እንዳለባቸው ከሚያውቁ አዋቂዎች 97 በመቶው መድኃኒት ላይ ነበሩ፤ መድኃኒት ላይ ካሉት ደግሞ 88 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ ተገትቶላቸዋል። በዚያው ጥናት ከቫይረሱ ጋር ከሚኖሩት ውስጥ ከአምስት አንዱ ያህል አያውቅም ነበር። ልብ በሉ። አውቀው መድኃኒት ከሚወስዱት አብዛኞቹ ለማንም አያስተላልፉም። በሽታው የሚጓዘው ባብዛኛው በማያውቁት በኩል ነው። ሕጉ የሚይዘው ግን የሚያውቀውን ነው። ውኃው በአንድ በኩል እየፈሰሰ ግድቡን በሌላ በኩል እንደመሥራት ነው።

አንድ የማላዊ ጉዳይ ላንሳ፤ ከእኛ አንቀጽ ጋር የሚመሳሰል ሕግ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳያልና። አንዲት እናት ልጇን ይዛ የመንደር ስብሰባ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለች ሴት የራሷን ሕፃን "እስቲ ያዥልኝ" ትላታለች። ሕፃኑ ጡቷን ያገኝና ይጠባል። ማን የማያውቀው ነገር ነው? የእኛም እናቶች ለቅሶ ቤት ወይም ሠርግ ቤት ሲቀመጡ የሚያጋጥም ነው። ሴትየዋ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ነበር፤ መድኃኒትም ትወስድ ነበር። ተከሰሰች። የተከሰሰችበት ሕግ ስለ ኤችአይቪ የወጣ አይደለም፤ በቸልተኝነት አደገኛ በሽታ ሊያዛምት የሚችል ድርጊት መፈጸምን የሚከለክል የቆየ ጠቅላላ አንቀጽ ነው። ጠበቃ ሳይኖራት ጥፋተኛ ነኝ አለች፤ ዘጠኝ ወር ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደባት። ሕፃኑ አልተያዘም። እ.ኤ.አ. በ2017 የዞምባ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የባለሙያ ማስረጃ ሰምቶ፣ በዚያ ሁኔታ የመተላለፍ ዕድሉ እጅግ ኢምንት እንደነበር ተረድቶ ፍርዱን ሻረላት።

ሌሎችም እየተመለሱ ነው። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በኤችአይቪ ሕጋቸው ውስጥ የነበረ አንድ አንቀጽ "ግብረ ሥጋዊ ንክኪ" ያለው ምን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም ብሎ ውድቅ አደረገ። ኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ በ2018፣ ዚምባብዌ ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. የነበራቸውን ድንጋጌ ሰርዘዋል።

"ታዲያ የተበደለስ?" የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። አለ፤ ልክም ነው። ባሏ አውቆ፣ ኪኒኑን ጋራዥ ደብቆ፣ መውሰዱንም ትቶ ለዓመታት የዋሻት ሴት አለች። ለእሷ "ሳይንስ እንዲህ ይላል" ማለት መልስ አይሆንም። እንዲህ ያለው ጉዳይ ሐሳቡም መተላለፉም በእውነት ከተረጋገጠ አንቀጽ 514 አለ፤ እኔም ይነሳ አልልም። በግዳጅ ለሚደረገውም ቢሆን ሕጉ አልተኛም። አንቀጽ 628 በወሲብ ጥቃት ወንጀሎች ላይ አጥቂው እንዳለበት የሚያውቀውን ተላላፊ በሽታ ለተጎጂዋ ካስተላለፈ፣ ሌላ የከበደ ቅጣት ከሌለ በቀር ከ5 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀምጣል። ስለ ግርዛትና ስለ ሌሎች ጎጂ ልማዶች የሚናገረው ምዕራፍም በአንቀጽ 568 በድርጊቱ ሳቢያ ተላላፊ በሽታ ከተያዘች በሽታ የማስተላለፉም ቅጣት እንዲታከል ያዛል። በአንድ ምላጭ ብዙ ሕፃናት የምትገርዝ ሴት ስትመጣ ይህ አንቀጽ ቦታውን ያገኛል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሚጀምረው ከማወቅ ሳይሆን ከጥቃቱ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

በትዳር ውስጥ ለተደበቀ ነገር ደግሞ ሌላ በር አለ። ብዙ ሰው አያውቀውም። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 13 መሠረታዊ ስሕተት ከሚላቸው ውስጥ አንዱ የማይድን ወይም ወደ ትውልድ የሚተላለፍ በሽታ ባለበት ተጋቢ የጤና ሁኔታ ላይ መሳሳት ነው። እንዲህ ተሳስቶ የገባበትን ጋብቻ ፍርድ ቤት ሄዶ ማስፈረስ ይቻላል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ ሰንበቴን በመሰለ ቦታ ደግሞ ባለጉዳዮቹ ከተስማሙ የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ፣ ከእሱም በፊት ሽማግሌ አለ። ከመጋባት በፊት የምርመራ ወረቀት የሚጠይቁ መስጊዶችና አብያተ ክርስቲያናትም ብዙ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ሰውን ዘብጥያ ሳያወርዱ "አልነገርከኝም" የሚለውን ቅሬታ የሚሰሙ ቦታዎች ናቸው። ወረቀቱ የዕለቱን ነገር ብቻ የሚናገር መሆኑን ግን ማንም አይርሳ፤ ሠርግ ዋዜማ የተገኘ "ነጻ" የዕድሜ ልክ ምስክር ወረቀት አይደለም።

ወደ ካርዱ ልመለስ። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 399 የሐኪም ሚስጥር ማውጣትን ያስቀጣል። ጥሩ። ነገር ግን ሰው ለአማካሪ ነርስ "ለባሌ አልነገርኩትም" ያለው ቃል ነገ ምስክርነት ሆኖ ሊመጣበት እንደሚችል ከጠረጠረ፣ ያ ቃል መጀመሪያውኑ አይወጣም። ነርሷ ደግሞ ያንን ቃል ካልሰማች ባልና ሚስቱን አንድ ላይ ጠርታ፣ መሃላቸው ተቀምጣ፣ ቀስ አድርጋ የምትነግርበት መንገድ ይዘጋል። እኔ እንደማየው የሚያስነግረው ይኼ ነው፤ የእስር ማስፈራሪያ ሰውን አስነግሮ አያውቅም፤ አስደብቆ ግን ያውቃል። ብዙዎች በሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ላለመታየት ሁለትና ሦስት ከተማ አልፈው መድኃኒት እንደሚወስዱ የታወቀ ነው።

ኪኒን መቋረጡስ የማን ጥፋት ነው? በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን ሲያዳርስ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ተዘረፈ፣ ሰው ተሰደደ፣ ቀጠሮ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. ጥር ደግሞ የአሜሪካ እርዳታ በድንገት ሲቆም የጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ፤ ብዙዎቹ በኤችአይቪ ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው። በዚህ መሃል መድኃኒቱ የተቋረጠበት ሰው ቫይረሱ እንደገና ከፍ ቢል፣ "እያወቀ" የሚለው ቃል በእሱ ላይ እንዴት ይመዘናል? አንቀጹ ዝም ይላል።

እኔ የምለው ቀላል ነው። አንቀጹ ሳይነካም ብዙ ማስተካከል ይቻላል። የእንግሊዝ ዐቃብያነ ሕግ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ በሽታ በማስተላለፍ ሰው ለመክሰስ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንደሚያስፈልግ አስቀምጧል፤ ጥንቃቄ ያደረገ ሰው ግድየለሽ ነበር ለማለት እንደሚከብድም ለሠራተኞቹ ጽፏል። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምም በ2021 እ.ኤ.አ. ለዐቃብያነ ሕግ የሚሆን መመሪያ አሳትሟል። የእኛ ፍትሕ ሚኒስቴር ከጤና ሚኒስቴር ጋር ተቀምጦ ሁለት ገጽ ቢጽፍ ይበቃል፤ መድኃኒት የሚወስድና ቫይረሱ የተገታለት ሰው "ሆን ብሎ" ሊባል አይችልም፤ ቀድሞ መመርመር ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ እርግዝናና ጡት ማጥባት ከዚህ አንቀጽ ውጭ ናቸው፤ የምክር አገልግሎት ቃል ወደ ምርመራ መዝገብ አይገባም። የሰበር ሰሚ ችሎትም እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲደርሰው ትርጉሙ በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ያስገድዳል።

መመሪያው ሲወጣ ደግሞ በአማርኛ ብቻ አይቅር። የወንጀል ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ የታተመው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። ከሚሴ ግን የመሥሪያ ቤቱ ሥራ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። "ሆን ብሎ" የሚለው ሐረግ ለባለጉዳይ ሲተረጎም "እያወቀ" ሆኖ ከተላለፈ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ ማለት ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት እስከ አሥር ዓመት የሚያደርስ ነው።